ከመቶ 12 ሲባል ስንት ነው?

አንባቢ ሆይ፥ በመንግሥት ሥራ አዲስ ተቀጥረው፥ ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ተጉዘው መካነ ሰላም ገቡ እንበል። አገሩ ደጋ ነውና ብርዱ ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ አያሳድርም፤ አልጋም ያስፈልጋል፤ የቤት ኪራይም አስቀድሞ ይጠየቃል። ደመወዝ ግን ገና ነው። ስለዚህ ከአንድ ባለገንዘብ 24,000 ብር በዓመት ከመቶ 12 ወለድ ተበድረው በ12 ወር ከፍለው ሊጨርሱ ተስማሙ።

አበዳሪው ወዲያው ያሰላል፤ «የ24,000 ወለድ 2,880፥ ጠቅላላው 26,880፤ ለ12 ሲካፈል በየወሩ 2,240 ብር።» ሒሳቡ ትክክል የሚመስለው ቀላል ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን በየወሩ እየመለሱ ሳሉ 24,000ው ዓመቱን ሙሉ በእጅዎ እንደ ቆየ ተቆጥሮ ወለድ ይጠየቅበታልን?

እንግዲህ እርሳስዎን ያንሡ። በዓመት 12 ማለት በወር ከመቶ 1 ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ የተጻፈ 1.01 እርስ በርሱ ሲባዛ 1.126825 ይሆናል። 1ን ለዚህ ቢያካፍሉ 0.887449 ያገኛሉ፤ ይኸውም ከዓመት በኋላ የሚከፈል 1 ብር ዛሬ የሚያወጣው 89 ሣንቲም ያህል ነው ማለት ነው። (በዕቁብ ዕጣው መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል።) ይህን ከ1 ሲቀንሱ 0.112551 ይቀራል። የመጀመሪያውን ወር ወለድ 240 ብር ለዚህ ያካፍሉ፤ 2,132 ብር ከ37 ሣንቲም ይሆናል። የወር ክፍያዎ ይኸው ነው።

ካላመኑ ይፈትኑት። በመጀመሪያው ወር 240 ብር ለወለድ ሲሄድ 1,892 ብር ከ37 ሣንቲም ከዕዳው ይቀነሳል። በሁለተኛው ወር ወለዱ ወደ 221 ብር ከ8 ሣንቲም ይወርዳል፤ በመጨረሻው ወር 21 ብር ከ11 ሣንቲም ብቻ ይሆናል። በአበዳሪው ስሌት ቢከፍሉ ኖሮ በዓመቱ 1,291 ብር ተኩል ያህል በትርፍ ይሄድብዎት ነበር። በስልክዎ ማስያ ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቢያስቸግርዎ በከተማው ካለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አንድ የሒሳብ ተማሪ ይጠይቁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ያዛል፤ ባንኮች የሚመሩት በሌላ ደንብ ነው። የአበዳሪው 2,240 ብር ግን በሚቀረው ዕዳ ላይ ሲታሰብ በዓመት ከመቶ 21 ተኩል ያህል ሆኖ ይገኛል። በውሉ ላይ የተጻፈው ግን 12 ነው!

የመክፈያው ጊዜ 24 ወር ከሆነ 1.01ን 24 ጊዜ ያባዙ፤ ሌላው አይለወጥም። ክፍያው 1,129 ብር ከ76 ሣንቲም ይመጣል። ከመፈረምዎ በፊት ግን «ወለዱ የሚታሰበው በሙሉው ዕዳ ነው ወይስ በቀሪው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በውሉ ላይ ያጽፉት።