የእጅ ጭብጥ ስለ አረጋውያን አቅም ምን ይነግረናል?



ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን በብዙ ቤት የሚያሳድጓቸው አያቶች ናቸው። አያት ሲደክሙ ጫናው ለልጆቹም ይተርፋል። ይሁን እንጂ አረጋውያን ሕመማቸውን ችለው ዝም ስለሚሉ፣ አቅማቸው መመናመኑን የምናውቀው ብዙውን ጊዜ ከወደቁ በኋላ ነው። አስቀድሞ ለማወቅ ከሚረዱ ቀላል መንገዶች አንዱ የእጅን የመጨበጥ ኃይል መለካት ነው።

ለመሆኑ እጅ ስለ መላው አካል እንዴት ሊናገር ይችላል? ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ የሚሳሳው በአንድ ስፍራ ብቻ አይደለም። ስለሆነም የጭብጥ መላላት የሌላው አካል ጡንቻም መድከሙን ሊጠቁም ይችላል። ሊንዳ ፍሪድ የተባሉት አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አምስት ምልክቶችን ዘርዝረዋል፦ ሳያስቡት ክብደት መቀነስ፣ የመዛል ስሜት፣ የጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየትና የእንቅስቃሴ ማነስ። ሦስትና ከዚያ በላይ የታዩበት ሰው አቅሙ እንደተመናመነ ይቆጠራል፤ አንድ ወይም ሁለት የታዩበት ደግሞ ወደዚያው ደረጃ የተቃረበ ነው።

መለኪያው ዳይናሞሜትር ይባላል። ተመርማሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ክርኑን አጥፎ፣ መያዣውን ባለ በሌለ ኃይሉ ይጨብጣል። በየእጁ ሦስት ጊዜ ተለክቶ ከፍተኛው ውጤት ይወሰዳል። የአውሮፓ ባለሙያዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መመሪያ ለወንድ ከ27፣ ለሴት ከ16 ኪሎ ግራም በታች የሆነው ዝቅተኛ ነው። የእስያ ባለሙያዎች በበኩላቸው 28ን እና 18ን ወሰን አድርገዋል። ከዚህም ወሰኑ ለሁሉም ሕዝብ አንድ አለመሆኑን እንረዳለን።

በተጨማሪም የጣት መገጣጠሚያ ሕመም ወይም ስትሮክ ብቻውን ጭብጥን ሊያላላ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ለተጨማሪ ምርመራ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

መሣሪያው በሌለበት ቤት ደግሞ ማስተዋል ይቻላል። ጀሪካን ያነሱ የነበሩ እናት የጆግ ውኃ ከከበዳቸው፣ ልብስ መጭመቅ ካቃታቸው፣ ከመቀመጫቸው ለመነሳት ድጋፍ ከፈለጉ፣ «እርጅና ነው» ብለን ሳናልፈው ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው። በጊዜ ከተደረሰበት ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ እንደ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላልና ወተት ያለ ገንቢ ምግብ፣ እንዲሁም የተደበቀውን ሕመም ማከም አቅምን ሊያሻሽሉ ይችላሉ።

ለሰላምታ እጃቸውን ስንይዝ ጭብጣቸው ከወትሮው መላላቱን እናስተውል። አላህ ለአረጋውያኖቻችን ጤናና ዓፊያ ይለግሳቸው። አሚን።