ተጨማሪ መረጃ፦ የማስታወቂያ መለያ

የጉግል አገልግሎት የተጫነበት የአንድሮይድ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ለማስታወቂያ ሥራ የሚውል መለያ አለው። መለያው ስማችሁን አይይዝም። ሆኖም አንዱ መተግበሪያ የምትውሉበትን ቦታ፣ ሌላው የምትጫወቱትን ጨዋታ ሲመዘግብ፣ የተበታተነውን መረጃ አንድ ላይ የሚያያይዘው ይኸው መለያ ነው። ስልኩ ሌሊት የሚያድርበትን ቤት ያወቀ ሰው ደግሞ ባለቤቱን መለየት አይከብደውም፤ አሳሳቢው ነገር ይህ ነው።

በቅርብ ዓመታት በወጡ ስልኮች፣ ሴቲንግ ውስጥ «ጉግል»፣ ቀጥሎ «ማስታወቂያዎች» የሚለውን ከፍቶ መለያውን መሰረዝ ይቻላል። አይፎን ላይ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ መተግበሪያዎች በሌሎች መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች ላይ እናንተን ለመከታተል አስቀድመው ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው። የአንድሮይዱን መለያ መሰረዝ ግን ማስታወቂያን አያስቀርም፤ የቦታ ፈቃድንም ለየብቻ መንፈግ ያስፈልጋል። ለእጅ ባትሪ መተግበሪያ የት እንዳላችሁ ማወቅ ምን ይሠራለታል?