የመኪናዎ ባትሪ ሳይሞት ይናገራል

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂል ለቤትና ለጓዳ ብቻ የተነገረ አይደለም። መኪና ላላት እናትም ሆነ እየነዳች ወደ ሥራ ለምትሄድ ሠራተኛ ምክሩ እስከ ሞተሩ ድረስ ይዘልቃል። ልጆች ቦርሳቸውን ይዘው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሳለ ቁልፉ ሲዞር መኪናው «ጢቅ» ብሎ ዝም ቢል የሚከተለው ጣጣ ብዙ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘገያሉ፤ የሥራ ሰዓት ያልፋል፤ ለወር አስቤዛ የተቀመጠው ገንዘብም ሳይታሰብ ለባትሪ ይወጣል። ይኸው ነገር በምሽት፣ ሰው በማይበዛበት ቦታ የደረሰ እንደሆነ ደግሞ ችግሩ ከገንዘብም ያልፋል።

ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድንገት አይሞትም። አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን የምታውቅ ሴት ባትሪውን የምትለውጠው ራሷ በመረጠችው ቀንና ባዘጋጀችው ገንዘብ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ባትሪ መቼ መለወጥ እንዳለበት፣ መቼስ ያለ ጥፋቱ እንደሚከሰስ እናወጋለን።

ባትሪ ምንድን ነው? ለምንስ ያረጃል?

በቀድሞ ዘመን የመኪና ሞተር የሚነሣው ከፊት በኩል በሚገባ የብረት እጀታ በጉልበት እየተዞረ ነበር። እጀታው ተመልሶ ሲመታ ክንድ ይሰብር ስለነበረ ሥራው ለጎረምሳም ቢሆን አስጊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የተባለው መኪና ቻርልስ ኬተሪንግ የፈለሰፈውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ይዞ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ማንኛዋም ሴት የሰው እጅ ሳትጠብቅ መኪናዋን ማስነሣት ቻለች። ይህን ነፃነት የሚሰጣት ማስነሻውን፣ ማለት ሞተሪኖውን፣ የሚያንቀሳቅሰው ባትሪ ነው።

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ባለ 12 ቮልቱ የመኪና ባትሪ በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት። በእያንዳንዱ ክፍል ከእርሳስ የተሠሩ ዝርግ ሳህኖች በውሃና በሰልፈሪክ አሲድ ድብልቅ ውስጥ ይገኛሉ። እያንዳንዱ ክፍል ከ2 ቮልት ጥቂት የሚበልጥ ኃይል ይሰጣል። ባትሪው ኃይሉን ባወጣ ቁጥር በሳህኖቹ ላይ ሰልፌት የተባለ ነጭ ነገር ይጋገራል፤ ዲናሞው መልሶ ሲሞላው ይሟሟል። ባትሪው ባዶውን ብዙ ቀን ከቆየ ግን ሰልፌቱ ይደርቅና እንደ ድስት ቅርፊት አልለቅ ይላል። በዚህ ላይ ሳህኖቹ በዘመን ብዛት ይበላሉ፤ ይረግፋሉ። እርጅና የምንለው ይህንኑ ነው።

የአንድ ባትሪ ዕድሜ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ዕድሜውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳጥረው ሙቀት በመሆኑ እንደ ድሬዳዋና ሰመራ ባሉ ቦታዎች የሚሠራ ባትሪ ቶሎ ያረጃል። ብርድ ደግሞ የተደበቀውን ድካም ያጋልጣል። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ «ትናንት ደኅና የነበረ መኪና ዛሬ ምን ነካው?» የሚባለው በዚህ የተነሣ ነው። ባትሪው ያረጀው ቀደም ብሎ ነው፤ ብርዱ ምስክር ሆነበት እንጂ አልገደለውም።

ከቤት እስከ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት እስከ ገበያ እያሉ በአጭር በአጭሩ መንዳትም ባትሪን ይጎዳል። ሞተሩ ሲነሣ የወጣው ኃይል ተመልሶ ሳይሞላ መኪናው ይጠፋልና።

የሚሰጣቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን ባዩ ጊዜ ልብ ይበሉ።

1ኛ/ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ከወትሮው ይንቀራፈፋል፤ ለመነሣትም ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

2ኛ/ ቁልፉ ሲዞር የፊት መብራቱ በጣም ይደበዝዛል፤ ወይም «ጢቅ ጢቅ ጢቅ» የሚል ተከታታይ ድምፅ ይሰማል።

3ኛ/ መኪናው ሁለትና ሦስት ቀን ከቆመ በሌላ መኪና ርዳታ ካልሆነ አይነሣም።

4ኛ/ የባትሪው ሣጥን አብጧል፣ ተሰንጥቋል፣ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፣ ወይም የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ አለው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ «አስመርምሩኝ» ማለት ናቸው። አራተኛው ግን ቀጠሮ አይሰጥም። መኪናውን ሳያስነሡ ባለሙያ ይጥሩ፤ እንዲህ ያለው ባትሪ ተሞልቶም ቢሆን ተመልሶ አይገጠምም።

በቁጥር እንነጋገር

ጋራዥ ሲሄዱ «ባትሪው ሞቷል» የሚል ቃል ብቻ ይዘው አይመለሱ። መካኒኩ በቮልት መለኪያ ሲለካ አጠገቡ ቆመው ቁጥሩን ይመልከቱ። መኪናው ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ወይም ጥቂት የሚበልጥ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ሲሆን ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ሲሆን ግማሽ ያህል ይዟል ማለት ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል።

ይሁን እንጂ ባዶ ባትሪና ያረጀ ባትሪ አንድ አይደሉም። ባዶው ሲሞላ ይድናል፤ ያረጀው ቢሞላም አይዝም። ስለዚህ አስቀድሞ በደንብ ይሞላ። ከዚያም መኪናው ሲነሣ ኃይሉ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም ተሞልቶ ባደረ ማግሥት ቁጥሩ ከ12.4 በታች ሆኖ ከተገኘ፣ ባትሪው ጉልበቱን ጨርሷል፤ ይለወጥ። ባትሪው 3 ዓመት ከሞላው በኋላ በየዓመቱ፣ ይልቁንም ከኅዳር በፊት፣ ማስመርመር ይበጃል። 4ኛውን ዓመት ሲይዝም በየወሩ ጥቂት ብር ለይቶ ማስቀመጥ የብልኅ ቤተሰብ ዘዴ ነው።

ያለ ጥፋቱ የሚከሰስ ባትሪ

ብዙ ባትሪ በሌላው ጥፋት ይጣላል። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ ሲለካ ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት ካላሳየ፣ ወይም እየነዱ ሳለ የባትሪ ምልክት ያለበት ቀይ መብራት ከበራ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው ዲናሞውና ቺንጊያው ነው። አዲስ ባትሪ ቢገዙ እሱም በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ ይሆናል። መብራቱ ደምቆ እየበራ አንድ ጊዜ ብቻ «ጢቅ» ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖውን ይጠርጥሩ። ባትሪው ደኅና ሆኖ መኪናው በቆመ ቁጥር ኃይሉ የሚያልቅ እንደሆነ ደግሞ አንድ ነገር በስውር እየበላው ነው። የኋላ ዕቃ ማስቀመጫው መብራት ሳይጠፋ ያድር ይሆናል፤ በትክክል ያልተገጠመ ቴፕም ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚቀለው ምክንያት የገመዱ ማሰሪያ መላላት ወይም በነጭና በአረንጓዴ ዱቄት መሸፈን ነው። መኪናው ጠፍቶ፣ ገመዶቹ ከተፈቱ በኋላ፣ በሙቅ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳል። የባትሪው ክዳን መዘጋቱን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ጓንትም ያድርጉ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁስ?

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በርክቷል። በአብዛኞቹ ውስጥ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ። በሩን፣ መብራቱንና ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ትልቁ ሙሉ ሆኖ ትንሹ ከደከመ መኪናው አልነሣም ሊል ይችላል። ስለዚህ የትንሹንም ዕድሜ ይመዝግቡ።

ሲገዙና ሲያስለውጡ

አሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን ወስደው ያመሳክሩ። ቮልቱ፣ በአምፔር ሰዓት የተጻፈው መጠኑ፣ የሣጥኑ ልክ፣ የፖዘቲቩ ጫፍ ያለበት ጎን አንድ ይሁን። በመብራት ላይ ሲቆም ራሱ የሚጠፋና የሚነሣ ሞተር ያለው መኪና የተለየ ባትሪ ስለሚፈልግ ተራውን አይግጠሙለት። መርካቶ ሶማሌ ተራም ይሁን ሰፈርዎ ካለው ሱቅ ሲገዙ የተሠራበትን ቀን ይጠይቁ። ሱቅ ውስጥ ሳይሞላ ብዙ የቆየ ባትሪ አዲስ ተብሎ ቢሸጥም ማርጀት ጀምሯል። ቮልቱን በፊትዎ ያስለኩ፤ የዋስትና ወረቀትና ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የተገዛበትንም ቀን በማይለቅ ቀለም በሣጥኑ ላይ ይጻፉ።

ሲፈታ ኔጋቲቩ ገመድ ይቀድማል፤ ሲታሰር ኔጋቲቩ መጨረሻ ይሆናል። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን የተባለ ጋዝ በትንሽ ብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል ሲጋራም ክብሪትም አይቅረብ። አሲዱ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ማጠብና ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ውስጥ ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ወይም አሲድ አይጨመርም።

አሮጌው የት ይሂድ?

እናቶች እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡን። አሮጌ ባትሪ በረንዳ ላይ ወይም ጓሮ ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በውስጡ ያለው እርሳስ የተባለው ብረት የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር አጠገብ፣ ቲያሮዬ ሱር ሜር በተባለው ሰፈር፣ አሮጌ ባትሪ እየተሰበረ እርሳሱ ይለቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት ሞቱ። በእናቶቻቸውና በእኅት ወንድሞቻቸው ደም ውስጥም ከፍተኛ የእርሳስ መጠን ተገኘ። ሕፃናቱ ባትሪ አልሰበሩም፤ የተጫወቱት ግን አቧራው ባረፈበት አፈር ላይ ነበር።

ስለዚህ አዲሱን ሲገዙ አሮጌውን የሚረከብ ሻጭ ይምረጡ። በቤት አይሰበር፤ አሲዱም በቦይ ወይም በአትክልት ላይ አይደፋ። ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ በባትሪ ሥራ ላይ የተሰማራ እንደሆነ የሥራ ልብሱን በሥራ ቦታው ለውጦ፣ ታጥቦ ይግባ። ልብሱ ከሕፃናት ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያችን፣ ነገ መኪናዎን ከማስነሣትዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው የባትሪውን ዕድሜ ይመልከቱ። ካላወቁት ያስመርምሩ፤ 3 ዓመት ካለፈው ቁጥሩን ይጠይቁ፤ ጊዜው ደርሶ ከሆነም በራስዎ ቀን ይለውጡት።