ሚስማሩ ሳይገኝ ጎማው አይገጠም

ከዋናው መንገድ ወጣ ባለ ቀበሌ በሞተር ሳይክል የሚሠራ ሰው ጎማው ሲተነፍስበት ጎሚስታ ያለበት ከተማ ድረስ መግፋት የለበትም። መፍቻ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ ብረት፣ የጎማ ማስቲሽ፣ መለጠፊያና ፖምፓ ካሉት ግቢው ውስጥ ይጠግነዋል። ይህን ያቀለለው የቆየ ፈጠራ ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 የፈጠራ መብት ያገኘበት በአየር የሚነፋ ጎማ ቸርኬው ላይ ይጣበቅ ስለነበር መጠገኑ እጅግ አድካሚ ነበር፤ የሚሽሊን ወንድማማቾች በ1891 ወልቆ የሚገጠም ጎማ አመጡ።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው ቀዳዳውን ለመድፈን ነው። እኔ ግን የሥራው ግማሽ ፍለጋ ነው እላለሁ። ትናንት የተለጠፈ ጎማ ዛሬ ደግሞ የሚተነፍሰው ብዙ ጊዜ ሚስማሩ ወይም የግራር እሾሁ ከውጪኛው ጎማ ሳይነቀል ስለቀረ ነው። ስለዚህ ገና ሳይወልቅ፣ በቫልቩ ትይዩ ውጪኛው ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ። ከመነዳሪው ወጥቶ፣ ተነፍቶ ውሃ ውስጥ ሲነከር አረፋ የሚወጣበት ቦታ ከቫልቩ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካል፤ ያው ርቀት ከጠመኔው ምልክት ሲለካ ወደ እሾሁ ይመራል። ግራና ቀኙ ከተምታታ በሁለቱም በኩል ይታይ። የጎማው ውስጥ በባዶ ጣት ከሚዳሰስ በጨርቅ ቢታበስ ይሻላል፤ ሹል ነገር ጨርቁን ይይዘዋል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከተገኘ ግን ጥፋቱ የእሾህ ላይሆን ይችላል፤ አየር ያነሰው ጎማ ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ይቆነጥጠዋል።

ማውለቁ ጉልበት የሚፈጅ የሚመስለው የቸርኬውን አሠራር ልብ ላላለ ነው። የቸርኬው መሃል ጎድጎድ ያለ ነው። የጎማው ከንፈር ውስጡ ሽቦ ስላለው አይለጠጥም፤ አንዱ ወገን ላይ ተንበርክከው ወደዚያ ጎድጓዳ ሲያስገቡት ግን ማዶው ይላላል፣ ብረቱም ሳይታገል ይፈነቅለዋል። ብረቱ ከከበደ ማዶ ያለው ከንፈር ከጎድጓዳው ወጥቷል ማለት ነው፤ እሱን መልሶ ማስገባት እንጂ መታገል አያስፈልግም።

ልጥፉ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ማስቲሹ ስስ ተደርጎ ይቀባና ጣት ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ይጠበቃል፤ እርጥቡ ላይ የተለጠፈ አይጸናም።

ሲገጠም ከመነዳሪው ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ብቻ ይነፋ፤ ባዶውን ከገባ ብረቱ ይነክሰዋል፣ ልፋቱም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከንፈሩ የመጨረሻ የሚገባው በቫልቩ በኩል ነው። ከዚያ አየሩ የሞተሩ መመሪያ ባዘዘው ልክ ይሞላል፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ልክ ነው። የኋላው ጎማ ከሆነ የሰንሰለቱ ልቅነትና ፍሬኑ ይፈተሻሉ፣ የፔርኖው ዳዶም በደንብ ይጠብቃል። የጎማው ጎን ከተሰነጠቀ ወይም ከመነዳሪው ቫልቩ ሥር ከተቀደደ ግን ልጥፍ አይታመንም፤ አዲስ ይገዛል።