ከውሃ ቧንቧ ትዝታን ማውጣት

በትምህርት ቤታችሁ የቡድን ሥራ ተሰጥቷችኋል እንበል፦ ግቢው ውስጥ የሚቆም፣ ነፋስ ሲነካው ድምፅ የሚያወጣ ቅርጻ ቅርጽ። የምትማሩት አሰላ ወይም በቆጂ ከሆነ ነፋሱን በነጻ ታገኙታላችሁ። ለማቆሚያ የሚሆን የባሕር ዛፍ እንጨትም አይጠፋም። ገንዘብ የሚያስወጣችሁ የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧው ነው። አንዴ አጥሮ የተቆረጠ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይረዝምምና መጋዙን ከማንሳታችሁ በፊት እስክሪብቶ አንሱ።

እስቲ መጀመሪያ ግምታችሁን ልስማ። 60 ሴንቲ ሜትር ቧንቧ አንጠልጥላችሁ ስትመቱት አንድ ድምፅ ሰጣችሁ። የዚያኑ ድምፅ ቀጭን፣ ማለትም አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለውን ለማግኘት ቧንቧው ስንት ሴንቲ ይሁን? ብዙ ሰው «30 ነዋ!» ይላል። ክራር ወይም ጊታር የሚያውቅ ሰው እንዲያ ቢል አይፈረድበትም፤ ክር በግማሹ ሲያዝ በእርግጥ አንድ ኦክታቭ ይወጣል። የተመታ ብረት ግን ሌላ ሕግ አለው። 30 ላይ ከቆረጣችሁት ድምፁ ሁለት ኦክታቭ ይዘላል፤ ቧንቧውም ተበላ ማለት ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ክር የሚርገበገበው ስለተወጠረ ነው። ቧንቧውን ግን የሚወጥረው የለም፤ ሲመታ በዓይን በማይታይ መጠን እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ከዚያ የራሱ ግትርነት ይመልሰዋል። አጭር ብረት ደግሞ ለመጉበጥ እምቢተኛ ነው፤ ረጅም ሽመልና አጭር ዱላ በእጃችሁ ለማጉበጥ ሞክሩና እዩት። በዚህ የተነሳ የንዝረቱ ድግግሞሽ ከርዝመቱ ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ርዝመቱ ግማሽ ሲሆን ድግግሞሹ አራት እጥፍ ይሆናል፤ አራት እጥፍ ማለት ሁለት ኦክታቭ ነው። አንዱን ብቻ ከፈለጋችሁ 60ን ለ2 ሳይሆን ለ2 ካሬ ሥር አካፍሉት፦ 60 ሲካፈል ለ1.414፣ 42.4 ሴንቲ።

ቀጥሎ ቡድኑ የሚጨቃጨቅበት ነገር ቅኝት ነው። እኔ ለመጀመሪያ ሥራ ሜጀር የሚባለውን ትዝታ እመርጣለሁ። ለምን መሰላችሁ? ነፋስ ዜማ አያውቅም፣ ያገኘውን ነው የሚመታው። በዚህ ትዝታ ውስጥ ግማሽ ቶን ብቻ የሚራራቁ ድምፆች የሉም፤ ስለዚህ የትኞቹም ሁለት ቧንቧዎች አብረው ቢጮኹ ጆሮ አይፍቁም። አንቺሆዬ ግን አለቀቻችሁም፤ ውበቷ ያለው እነዚያ ቅርብ ለቅርብ ድምፆች ላይ ነውና ለነፋስ የምትሰጥ አይደለችም።

የትዝታ አምስት ድምፆች ድግግሞሽ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር 1፣ 9/8፣ 5/4፣ 3/2 እና 5/3 ነው። ላይ የሚደገመውን 2 ጨምሩበት። የእያንዳንዱን ካሬ ሥር አውጥታችሁ 60ን ስታካፍሉ 60፣ 56.6፣ 53.7፣ 49፣ 46.5 እና 42.4 ሴንቲ ይመጣል። ድምሩ 3 ሜትር ከ8 ሴንቲ ነው፤ ከአንድ ባለ 6 ሜትር ቧንቧ ግማሽ ያህሉ ለስህተት ይተርፋችኋል። ሁሉንም ከአንድ ቧንቧ ቁረጡ። ውፍረቱ ከተለያየ ስሌቱ ይፈርሳል፤ እንዲያውም በተመሳሳይ ርዝመት ወፍራሙ ቧንቧ ነው ቀጭን ድምፅ የሚሰጠው። ስትቆርጡ 5 ሚሊ ሜትር አስረዝሙ፣ ከዚያ በስልክ ላይ ባለ የቅኝት መተግበሪያ እያያችሁ በሞረድ ቀስ በቀስ አውርዱት።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ማንጠልጠሉ። ቧንቧውን ጫፉ ላይ በሁለት ጣት ይዛችሁ ምቱት፤ «ጡ» ብሎ ይሞታል። ጣታችሁን ወደ ውስጥ እያስገባችሁ ደጋግማችሁ ምቱት። ከጫፉ የርዝመቱ 22.4 በመቶ ላይ ስትደርሱ በድንገት ይዘምራል። ለምን? ቧንቧው ሲጎብጥ መሃሉና ጫፎቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ እዚያ ነጥብ ላይ ግን ብረቱ ወደ ጎን አይሄድም። ስለዚህ እዚያ ብታስሩት የምትሰርቁት ጉልበት የለም። ለ60 ሴንቲው ቦታው 13.4 ሴንቲ ላይ ነው፤ የሌሎቹን ራሳችሁ አስሉ። ሙላቱ አስታጥቄ በሚጫወተው ቫይብራፎን ላይም የብረት ርብራቦቹ ገመድ የሚያልፍባቸው በእነዚህ ነጥቦች ነው።

መቺው ደግሞ ወገባቸውን ያግኝ፤ መሰረታዊው ድምፅ እዚያ በደንብ ይርገበገባል። የስድስቱም ወገብ በአንድ ከፍታ እንዲውል ሲባጎውን አስረዝሙ፣ አሳጥሩ። ክብ አድርጋችሁ ስትሰቅሏቸው ጫፎቹ ከላይም ከታችም ደረጃ ይሠራሉ፤ የቅርጹን ንድፍ ያወጣላችሁ ድምፁ ራሱ ነው። መሃል የወይራ እንጨት ክብ፣ ከሥሩ ነፋስ የሚይዝ የጀሪካን ቁራጭ ይንጠልጠል። በያጅ ለመጥራት እንዳትቸኩሉ፤ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ትኩሳት ያስይዛል።

ለብረት የሚሆን ገንዘብ ከሌለስ? በጣና ገዳማት እንደ ደወል የሚያገለግሉ፣ ተንጠልጥለው የሚመቱ ረጃጅም ድንጋዮች አሉ። ሕጉ ያው ነው፤ ድንጋይም ይጎብጣል፣ ይመለሳል። ጥሩ ከሚጮኹት የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች አንዱ ፎኖላይት ይባላል፤ በግሪክኛ «ድምፅ ያለው ድንጋይ» ማለት ነው። ጭላሎም የጠፋ እሳተ ገሞራ ነውና በአካባቢያችሁ ቀጭን፣ ረጅምና ያልተሰነጠቀ ድንጋይ ፈልጉ። 22.4 በመቶው አካባቢ በሲባጎ አንጠልጥሉና በጠጠር አንኳኩት።