ሁለት ኬላ ያለው ዙር፦ የቆጵሮስ የዙሪያ ጉዞ እቅድና አረንጓዴው መስመር

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 እንደተመዘገበው፣ ጳውሎስና በርናባስ በቆጵሮስ ምሥራቅ ጠረፍ ከነበረችው ሳላሚስ ተነሥተው ደሴቲቱን በማቋረጥ በምዕራብ ጠረፍ እስከምትገኘው ጳፎስ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አጠራር እስከ ጳፉ፣ ተጉዘዋል። የዚያን መንገድ ሁለት ጫፎች ዛሬ በመኪና ለማገናኘት ግማሽ ቀን ይበቃል። ሆኖም የሳላሚስ ፍርስራሽ በሰሜኑ፣ ጳፎስ ደግሞ በደቡቡ ክፍል ስለሚገኙ ተጓዡ በመካከል የሁለት ወገን ፍተሻ ያልፋል፤ ገንዘቡን ከሊራ ወደ ዩሮ ይለውጣል፤ የመኪናው መድንም በአንደኛው ወገን ይጸናል እንጂ በሌላው አይሠራም።

የጉዞ እቅድ በተለምዶ የርቀት፣ የጊዜና የወጪ ስሌት ተደርጎ ይወሰዳል። በሜድትራንያን ባሕር ከሲሲሊና ከሰርዲንያ ቀጥሎ ሦስተኛ በሆነችው፣ 9,251 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ባላት ቆጵሮስ ግን ርቀት ቀላሉ ጉዳይ ነው። የሚከብደው በየትኛው በር መግባት፣ በየትኛው ኬላ መሻገር፣ በማን መሬት ላይም ማደር እንደሚገባ መወሰን ነው። ደሴቲቱን ዙሪያዋን ለመጎብኘት የሚያስብ ሰው ከመንገድ ካርታው በፊት የሕጉን ካርታ ማንበብ የሚኖርበት ለምን እንደሆነ ይህ ጽሑፍ ያብራራል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ወሰን ያልሆነው ወሰን

በዲሴምበር 1963 በግሪክ ቆጵሮሳውያንና በቱርክ ቆጵሮሳውያን መካከል ግጭት ሲነሣ፣ ፒተር ያንግ የተባለ የብሪታንያ ጄኔራል ዋና ከተማዋን ኒኮሲያን በካርታ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ ለሁለት ከፈላት፤ ስሙም በዚያው ጸና። በጁላይ 15 ቀን 1974 በአቴንስ ወታደራዊ አገዛዝ የተደገፈ መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ፤ ከአምስት ቀን በኋላ የቱርክ ጦር በሰሜኑ ጠረፍ አረፈ። በኦገስት አጋማሽ ውጊያው ሲቆም ከደሴቲቱ አንድ ሦስተኛውን የሚበልጥ መሬት በቱርክ ጦር እጅ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል የሚጠብቀው መለያ ቀጠና 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በአሮጌው ኒኮሲያ ጠባብ ጎዳናዎች ጥቂት ሜትር ብቻ ሲሰፋ፣ በሌላ ቦታ ብዙ ኪሎ ሜትር ሜዳ ይውጣል።

በሰሜኑ ክፍል በ1983 የታወጀውን መንግሥት ከቱርክ በቀር የተቀበለ አገር የለም፤ የጸጥታው ምክር ቤትም በውሳኔ ቁጥር 541 አዋጁ ሕጋዊ ዋጋ እንደሌለው ገልጿል። ቆጵሮስ በሜይ 1 ቀን 2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን የገባችው ደሴቲቱ በሙሉ ናት፤ የኅብረቱ ሕግ ግን የሪፐብሊኩ መንግሥት በማይቆጣጠረው ሰሜን እንዲታገድ ተደርጓል። እንግዲህ በሕግ ዓይን መስመሩ የአገር ወሰን አይደለም። በመስክ ሲታይ ግን ጥበቃ፣ ኬላና ፍተሻ ያለበት ነው። የጉዞ እቅድ አውጪውን የሚፈትነው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ክፍተቱ አስቀድሞ የሚገለጠው በመግቢያው ላይ ነው። የቀድሞው የኒኮሲያ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከ1974 ጀምሮ በመለያው ቀጠና ውስጥ ተዘግቶ ቀርቷል፤ በምትኩ ላርናካና ጳፎስ ያገለግላሉ። በሰሜን ኤርጃን የተባለ ማረፊያ አለ፤ በረራዎቹ ግን በቱርክ በኩል ብቻ የሚያልፉ ሲሆን የሪፐብሊኩ መንግሥት እንደ ሕጋዊ መግቢያ በር አያውቀውም። የአውሮፓ ኅብረት በደንብ ቁጥር 866/2004 እንደወሰነው፣ የሦስተኛ አገር ዜጋ መስመሩን ወደ ደቡብ ሊሻገር የሚችለው የሪፐብሊኩ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም፣ ቪዛ ከሚጠየቅባቸው አገሮች ከሆነ፣ ለሪፐብሊኩ የጸና ቪዛ ሲኖረው ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከእነዚህ ወገን ነው። በሰሜኑ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከአፍሪካ በርካታ ተማሪዎችን ስለሚቀበሉ ነገሩ የቱሪስት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ያለዚያ ቪዛ በኤርጃን የገባ ተማሪ በሌድራ ጎዳና ኬላ ቆሞ ማዶ ያለውን ቡና ቤት እያየ መሻገር አይችልም። ስለዚህ ሙሉ ዙር የሚያስብ ሰው ለሪፐብሊኩ የጸና ቪዛ ይዞ ሪፐብሊኩ በሚያውቀው በር፣ ለምሳሌ በላርናካ ወይም በጳፎስ፣ መግባት ይኖርበታል።

ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ

የቆጵሮስ የባቡር ሐዲድ በ1951 መጨረሻ ስለተዘጋ፣ በአውቶቡስም መስመሩን አልፎ ዙሩን ማገናኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ መኪና መከራየት የተለመደ ነው። እንደ ብሪታንያ የአገዛዝ ዘመን ልማድ በደሴቲቱ የሚነዳው በግራ ነው። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይከተላል፦ ደሴቲቱን በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ሰው ባሕሩ ሁልጊዜ በስተግራው፣ ከመንገዱ ዳር ይሆንለታል። ዕይታው የተገለጠ ነው፤ ቆሞ ለማየትም ተቃራኒውን ረድፍ ማቋረጥ አያስፈልገውም። ከላርናካ በሊማሶል በኩል ወደ ጳፎስ የሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ስለሚያመራ ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዓይን ላይ ትመጣለች፤ ያን ክፍል በጠዋት መጨረስ ይመረጣል።

ከጳፎስ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ፖሊስ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች፤ ቃሉ በግሪክኛ «ከተማ» ማለት በመሆኑ ለአማርኛ አንባቢ የሚያሳስብ ነገር የለውም። ከዚያ በኋላ ያለው የጠረፍ መንገድ በካርታ ሲታይ ቀጥተኛና አጭር ይመስላል። በተግባር ግን መንገዱ ድንገት ከባሕሩ ተለይቶ ተራራ ይወጣል፤ በጠመዝማዛ ዳገትና ቁልቁለት ከተጓዘ በኋላ ካቶ ፒርጎስ ላይ ወደ ጠረፉ ይመለሳል። ምክንያቱ ኮኪና ነው። በኦገስት 1964 ከባድ ውጊያ የተካሄደበት ይህ የቱርክ ቆጵሮሳውያን መንደር በሦስት ወገን በሪፐብሊኩ መሬት፣ በአራተኛው ደግሞ በባሕር የተከበበ ቁራሽ ነው። ነዋሪዎቹ በ1976 ወደ ካርፓስ ልሳነ ምድር ተዛውረዋል፤ ዛሬ የሚኖሩበት ወታደሮች ናቸው። ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የማይሰፋ ቦታ የአንድን አገር የጠረፍ መንገድ ተራራ ያስወጣል። ይህን የማያውቅ እቅድ አውጪ ለዚህ ክፍል የሚመድበው ጊዜ ከሚያስፈልገው እጅግ ያንሳል።

ከካቶ ፒርጎስ አለፍ ብሎ ያለው የሊምኒቲስ ኬላ የተከፈተው በኦክቶበር 2010 ነው። ከዚያ በፊት ሙሉ ዙር የሚባል ነገር በሰሜን ምዕራብ በኩል ፈጽሞ አይቻልም ነበር። በምሥራቅ በኩል የዴሪኔያ ኬላ በኖቬምበር 2018 ተከፍቶ ከፋማጉስታ ወደ ደቡብ የሚወስደውን አጭር መንገድ መልሷል። የመጀመሪያዎቹ ኬላዎች በኤፕሪል 2003 ከተከፈቱ ወዲህ ቁጥራቸው ዘጠኝ ደርሷል። ሁሉም ግን ለመኪና አይሆኑም፦ በኒኮሲያ መሐል ያለው የሌድራ ጎዳና ኬላ የእግረኛ ነው፤ በመኪና የሚሻገር ሰው ከከተማው በስተምዕራብ ወዳለው አግዮስ ዶሜትዮስ ይሄዳል።

የመኪናውን ጉዳይ እዚህ ላይ መጨረስ ይገባል። በደቡብ የተከራየ መኪና በብዙ አከራዮች ፈቃድ ወደ ሰሜን ሊሻገር ይችላል፤ መድኑ ግን አብሮት አይሻገርም። ተጓዡ በኬላው ላይ የተለየ መድን ይገዛል፤ ይህም የሚሸፍነው በሦስተኛ ወገን ላይ የሚደርስን ጉዳት ብቻ ነው። በተከራየው መኪና ላይ በሰሜን የሚደርሰው ጭረትም ሆነ ስብራት ከተከራዩ ኪስ ይወጣል። ስለዚህ የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ፣ ሊሻገሩበት በታሰበው ኬላ መድን የሚሸጥ መሆኑንም ከመነሣት በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የማይሸጥ ከሆነ ዙሩ ወደ አግዮስ ዶሜትዮስ ይታጠፋል። የመንገድ ምልክቶችም ይለወጣሉ፦ ሞርፉ ጉዘልዩርት፣ ኪሬንያ ጊርኔ፣ ፋማጉስታ ጋዚማጉሳ ይባላሉ። ሁለቱን ስሞች ያልያዘ ካርታ ግማሽ ካርታ ነው።

ስለ ወቅቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቆጵሮስ በዓመት ከ3,000 ሰዓት በላይ ፀሐይ የምታገኝ ደሴት ናት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ክረምት በሚሆንበት ጊዜ፣ እዚያ ዝናብ እምብዛም አይጥልም፤ በመሐሉ ሜሳኦሪያ ሜዳ ሙቀቱ አንዳንድ ቀን ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ ያልፋል። ዝናቡ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይጥላል፤ በዚያን ጊዜ 1,952 ሜትር ከፍታ ባለው በትሮዶስ ኦሊምፖስ ተራራ ላይ በረዶ ይከመራል፤ በላርናካ የጨው ሐይቅም ፍላሚንጎዎች ይሰፍራሉ። ለዙሪያ ጉዞ የሚስማሙት ሚያዝያና ጥቅምት ናቸው።

በማን ቤት

ከሊምኒቲስ በኋላ መንገዱ በሞርፉ አልፎ ወደ ኪሬንያ ይደርሳል። ከዚያም በጴንጣዳክቲሎስ ሰንሰለትና በባሕሩ መካከል ወደ ምሥራቅ ይቀጥላል። ዋጋው ረከስ ያለ ማደሪያ የሚበዛው እዚህ ነው። ከ1974ቱ ጦርነት ጋር ተያይዞ ከ150,000 በላይ ግሪክ ቆጵሮሳውያን ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከ40,000 በላይ ቱርክ ቆጵሮሳውያን ደግሞ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተፈናቅለዋል። በመሆኑም በሰሜኑ ጠረፍ ያለ የእንግዳ ማረፊያ በሌላ ሰው የባለቤትነት ማስረጃ ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል። ክርክሩ የንድፈ ሐሳብ አይደለም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በዲሴምበር 1996 በሎይዚዱ ጉዳይ በኪሬንያ መሬት ያላት አመልካች ባለቤትነቷ እንዳልተቋረጠ ወስኗል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደግሞ በኤፕሪል 2009 በኦራምስ ጉዳይ፣ በሰሜን በሚገኝ መሬት ላይ ቤት በሠሩ ብሪታንያውያን ባልና ሚስት ላይ የቆጵሮስ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ በብሪታንያ ሊፈጸም እንደሚችል አረጋግጧል።

እነዚህ ፍርዶች የሚመለከቱት ገዢንና ሠሪን እንጂ ለሁለት ሌሊት የሚያድር እንግዳን አይደለም። ቢሆንም የማደሪያ ምርጫ እዚህ ከዋጋና ከምቾት ጋር ሌላ መመዘኛ ይጨምራል። ከ1974 በፊት የቱርክ ቆጵሮሳውያን በነበረ መሬት ላይ የተሠራ ማረፊያ መኖሩን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል፤ ብዙ ባለቤቶችም ይህን በግልጽ ይናገራሉ። ጥያቄው በደቡብም መነሣት አለበት፤ ተፈናቃዮች ትተውት የሄዱት የቱርክ ቆጵሮሳውያን ቤት በዚያም አለና። የጉዞ መጻሕፍት ይህን ጉዳይ በአንድ አንቀጽ ማለፋቸው ትልቅ ጉድለት ነው።

ከኪሬንያ ወደ ምሥራቅ ያለው የካርፓስ ልሳነ ምድር ቢያንስ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ከፋማጉስታ ተነሥቶ እስከ ጫፉ ያለው ርቀት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም እየጠበበ ይሄዳል። በጫፉ የሐዋርያው እንድርያስ ገዳም አለ፤ በዙሪያውም ባለቤት የሌላቸው አህዮች መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምናሉ። በመንገድ ላይ የኒ ኤሬንኮይ የምትባል ከተማ ታልፋለች። ትርጉሙ «አዲሱ ኤሬንኮይ» ነው፤ ኤሬንኮይ ደግሞ የኮኪና የቱርክኛ ስም ነው። ከምዕራቡ ጠረፍ የተነሡት ነዋሪዎች የሰፈሩት በዚህች፣ ግሪክ ቆጵሮሳውያን ያሉሳ እያሉ በሚጠሯት ቦታ ነው። ከቀናት በፊት መንገዱን ተራራ ያስወጣው መንደር፣ በደሴቲቱ ሌላ ጫፍ፣ በሌሎች ሰዎች መንደር ስም ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የመጨረሻው ቀን ሳላሚስንና በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን ፋማጉስታ ይይዛል። ከግንቡ በስተደቡብ የምትገኘው ቫሮሻ ነዋሪዎቿ በኦገስት 1974 ከሸሹ ወዲህ ታጥራ ቆይታ፣ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ በከፊል ለጎብኚ ተከፍታለች፤ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 550 ከነዋሪዎቿ በቀር ሌላ ሰው እንዳይሰፍርባት ያሳሰበባት ከተማ በመሆኗ መከፈቷ ተቃውሞ አስነሥቷል። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው በተፈቀዱት ጎዳናዎች ብቻ ይሄዳል፤ ወደ ሕንፃዎቹ መግባት ክልክል ነው። ከዚያ ወደ ዴሪኔያ ኬላ በመኪና የደቂቃዎች ጉዞ ነው። በሰሜን የተገዛ ዕቃ በሻንጣ ካለ ዋጋው ከ260 ዩሮ፣ ሲጋራውም ከ40 ፍሬ መብለጥ የለበትም። ፓስፖርቱ በሁለቱም በኩል ከታየ በኋላ መንገዱ ቀይ አፈር ባላቸው የድንች ማሳዎች መካከል ወደ ላርናካ ያመራል።