የንጥረ ነገሮች ሰልፍ በምን ይወሰናል?

በኬሚስትሪ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ በቃል እንደሚጠና ዝርዝር ይቆጠራል። ይሁንና እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ቦታውን የያዘው በምክንያት ነው። ይህን ምክንያት ለማግኘት ከአርባ ዓመታት በላይ ወስዷል።

ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 በዘመኑ የታወቁትን ከስድሳ የሚበልጡ ንጥረ ነገሮች በአቶማዊ ክብደታቸው ቅደም ተከተል ሲደረድር፣ ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸው እየተመላለሱ ብቅ እንደሚሉ አስተዋለ። ሊትየም፣ ሶድየምና ፖታስየም ለዚህ ምሳሌ ናቸው፤ ሦስቱም ከውሃ ጋር የሚዋሀዱ ለስላሳ ብረቶች ናቸው። የሚስማማ ንጥረ ነገር ባጣበት ስፍራ ክፍት ቦታ ተወ። ከእነዚህም አንዱን በ1875 የተገኘው ጋሊየም፣ ሌላውን በ1886 የተገኘው ጀርማኒየም ሞሉት።

ነገር ግን አንድ እንቆቅልሽ ቀረ። የቴሉሪየም አቶማዊ ክብደት 127.6፣ የአዮዲን ደግሞ 126.9 ነው። በክብደት ከሄድን አዮዲን መቅደም ነበረበት፤ ያን ጊዜ ግን ከዘመዶቹ ከክሎሪንና ከብሮሚን ይለያል። ሜንዴሌቭ ጠባይን መሠረት በማድረግ ቴሉሪየምን አስቀደመ፤ ክብደቱም በስህተት የተለካ መሰለው። ልኬቱ ግን ትክክል ነበር።

መልሱ የመጣው ከፊዚክስ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ንጥረ ነገሮች በኤሌክትሮኖች ሲመቱ የሚያወጡትን የራጅ ጨረር መረመረ። የጨረሩ ድግግሞሽ ስኩዌር ሩት ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ በእኩል እርምጃ እንደሚጨምር አገኘ። በየእርምጃው በአንድ የሚያድገው የኑክለሱ ቻርጅ፣ ማለትም የፕሮቶኖቹ ቁጥር ነው። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53 ፕሮቶኖች አሏቸው። ቴሉሪየምን ያከበደው በአማካይ የሚበልጠው የኒውትሮኖቹ ብዛት ነው፤ ኒውትሮን ደግሞ ቻርጅ ስለሌለው ቦታን አይወስንም። ሞዝሊ በ1915 በጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ሲወድቅ ዕድሜው 27 ዓመት ብቻ ነበር።

ጠባይ የሚደጋገመውስ ለምንድን ነው? በአንድ አቶም ውስጥ ኤሌክትሮኖች የፕሮቶኖችን ያህል ናቸው፤ የሚሰፍሩትም በተለያዩ እርከኖች ነው። ሶድየም 2፣ 8 እና 1፣ ፖታስየም 2፣ 8፣ 8 እና 1 ኤሌክትሮኖች በየእርከኑ አሏቸው። ከሌላ አቶም ጋር የሚገናኘው በተለይ የውጨኛው እርከን ስለሆነ፣ የሁለቱ ጠባይ ይመሳሰላል። የሰንጠረዡ ረድፎች በቅደም ተከተል 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32 እና 32 ንጥረ ነገሮች ይይዛሉ፤ ድምሩ ዛሬ የምናውቃቸው 118 ንጥረ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ ከ118ኛው በኋላ አዲስ ንጥረ ነገር ሊጨመር ይችል ይሆናል፤ በ52ኛውና በ53ኛው መካከል ግን ፈጽሞ አይገባም። ግማሽ ፕሮቶን የለምና።